ስድሳ አራት ሲጠራ

ይድረስ ለእኅቴ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? ያ የሚያፈሰው ጣራስ ተጠገነ ወይስ ዘንድሮም በባልዲ ነው ነገሩ? እኔ አለሁ፤ ከብርዱ በቀር ጤናዬ ደህና ነው። በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ የእኔን ጉልበት ማለቴ ነው፣ ላንቺ ወገብ ነው።

ወረቀት ይዤ ስጽፍልሽ ምን ነካው እንደምትዪ አውቃለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ? ስደውል፣ እማዬ ትስማ ብለሽ ድምፁን ለቀሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። መልእክት ብልክ ደግሞ ስልክሽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አስለምደሽዋል። ስኳሩ ዓይኗን ከወሰደው ወዲህ የእማዬ ጆሮ ግድግዳ ይበሳል። ስለዚህ ይህን መኪናሽ ውስጥ ሆነሽ፣ ብቻሽን አንብቢው።

ከክለቡ አባረሩኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሦስት ሳምንት አለፈው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክብደት እያነሣሁ ሳለ ያ ቀጭኑ የቢሮ ልጅ መጥቶ ጀርባዬን ነካ አደረገኝ። እሱ ሲመጣ ሁሉም ሰው የጫማው ክር ትዝ ይለዋል፤ አጎንብሶ ያስራል። "አሠልጣኙ ይፈልጉሃል፣ ታብሌትህንም ይዘህ ና" አለኝ። ታብሌትህን ይዘህ ና ከተባልሽ በቃ፣ አለቀ። የጨዋታው ዕቅድ እሱ ላይ ነው፣ ለውጭ ሰው አይተዉትም። ሽማግሌው ሃልቨርሰን፣ የእኛ የፊት መስመር ተጋፊዎች አሠልጣኝ፣ ዓይኔን ማየት አቅቶት ኩባያውን ሲያሽከረክር ቆየና "ትከሻህ አልቋል ልጄ፤ አንተም ታውቀዋለህ" አለኝ። አውቀዋለሁ። ግራ እጄን ከጆሮዬ በላይ ማንሣት ካቆምኩ ቆየሁ። ግን ሰው ሲነግርሽ ሌላ ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያው ወደ ቤት አልመጣህም ትዪኛለሽ። ሌላ ክለብ ይደውል ይሆናል ብዬ ነዋ! ስልኩን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤው እገባለሁ። የደወለ የለም። ከግራዬ የሚቆመውን ላርስን ታስታውሽው የለ? ቤት መጥቶ እማዬ የጠበሰችውን ዓሣ ከነድስቱ ጠራርጎ የበላው። ስድስት ዓመት እግሩ እግሬን እየነካ አብረን የተጋደልን ሰዎች ነን። የተባረርኩ ዕለት ምን ላከልኝ መሰለሽ? አውራ ጣት። ቃል እንኳ የለው፣ የአውራ ጣት ሥዕል! በርታ ማለቱ ይሁን ደህና ሁን፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሐሙስ ሐሙስ አምስታችን የመስመሩ ሰዎች አንድ የጎድን ጥብስ ቤት እራት እንበላለን። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ዝር አይልም፣ ኳስ ወርዋሪው እንኳ ቢሆን። ባለፈው ሐሙስ ሥራ ያለኝ ይመስል በዚያ በኩል በመኪና አለፍኩ። መኪኖቻቸው ተደርድረዋል። ላርስ አፉን ሞልቶ ሲስቅ በመስኮት አየሁት። ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጧል። ባዶ ይሆናል ብዬ ለምን እንዳሰብኩ እኔም አላውቅም። ቤቴ ገባሁና ድስት ሙሉ ፓስታ ቀቅዬ ቆሜ በላሁ። እንደ ክለቡ የሚመዝነኝ የለም፣ ግን እጄ ለምዶ ለአንድ ሰፈር ይቀቅላል። ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋ ሽቅብ አየችኝና "ኳስ ተጫዋች ነህ እንዴ?" አለችኝ። "አይ፣ የቤት ዕቃ አመላልሳለሁ" አልኳት። "ያስታውቃል፣ አንተ ራስህ ፍሪጅ ታክላለህ" ብላ ሳቀችብኝ። በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር ያወራሁት ይኸው ነው። እኅቴ፣ ብቸኝነት እንዲህ ተጫውቶብኝ አያውቅም። አባዬ የሞተ ጊዜ እንኳ ሰው ነበረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ወደ ስድሳ አራት።

ቦታዬን የያዘው ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ነው። በተባረርኩ በሳምንቱ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የማሊያ ቁጥርዎን ብወስደው ቅር ይልዎታል? ኮሌጅም ስድሳ አራት ነበርኩ" አለኝ። እኔ ጋሼ! ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው እኮ! ደንቡ ነው፣ ባለቤቱን መጠየቅ አለበት፤ ጨዋ ልጅ ነው። "ውሰደው፣ ማሊያው ብብት ላይ ይጠባል፣ ቅደደው" አልኩት።

እማዬን ደግሞ ታውቂያታለሽ። የእኛን ሥራ ሰው አያየውም። ሌላው ኳሱን በእጁ ታቅፎ ሮጦ ነጥብ ያስቆጥራል፣ ስሙ ይጠራል፤ እኛ ከፊቱ የሚመጣበትን ጎረምሳ ስንገፋለት እንውላለን። የእኛ ቁጥር በዳኛው ድምፅ ማጉያ የሚጠራው ስናጠፋ ብቻ ነው። የገፋነው ሰው ሲያመልጠን ማሊያውን ጨምድደን ስንይዘው፣ ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ይወረውርና "ስድሳ አራት፣ ይዟል!" ይላል። እማዬ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሬዲዮ ስድሳ አራት በተባለ ቁጥር ብድግ ብላ ታጨበጭባለች። እትዬ ኦዴሳ ደግሞ ከጎረቤት "ሃሌ ሉያ!" እያሉ ይቀበሏታል። እኔ ቡድኔን አሥር ያርድ ወደ ኋላ አስመልሼ፣ ሃልቨርሰን የእናቴንና የአባቴን ስም እያነሣ ሲሰድበኝ፣ እናንተ ቤት በዓል ነው። ሙገሳ መስሏታል፣ ተዉአት፣ ማን ደፍሮ ይነግራታል ተባባልን። ማናችንም አልነገርናትም።

ያለፈው እሁድ ጨዋታውን ሶፋ ላይ ተጋድሜ አየሁት። ልጁ ፈርቷል፣ ከአቋቋሙ ያስታውቃል፤ ተረከዙ መሬት አይነካም። ሁለት ጊዜ ያዘ፣ ሁለት ጊዜ ዳኛው ስድሳ አራት አለ። ወዲያው ሳሎናችሁ ታየኝ። ባልደውል ትጨነቃለች፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት እሁዶች መንገድ ላይ ነኝ እያልኩ ሸሽቻለሁ። ስለዚህ ጨዋታው እንዳለቀ ደወልኩ። እናንተማ ሠርግ ላይ ነበራችሁ። "ሁለቴ ጠሩህ እኮ! እማዬ ወንበሩን ልትሰብረው ነበር!" አልሽኝ። "አዎ፣ ዛሬ እጄ አላረፈም" አልኩሽ። ስትስቂ ሰማሁሽ፣ እኔም ሳቅሁ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር የማልልሽ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ለእማዬ አትንገሪያት። ቁጥሩ እስከ ተጠራ ድረስ ታጨብጭብ። ከቤት አትወጣ፣ ፊታችንን አታይ፣ የቀራት ደስታ ይኸው ነው፤ ማሊያውን ማን እንደለበሰው ምን ያደርግላታል ልልሽ ነበር። የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ እዚሁ ተደብቄ ልከርምም አስቤ ነበር።

ግን አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር አለ። ያን ዕለት በር ተንኳኩቶ ልትከፍቺ ስትሄጂ፣ እማዬ ስልኩን ዳብሳ አነሣችው። "ድምፅህ እንዴት ጥርት ብሏል!" አለችኝ።

እኅቴ፣ እኔ እሁድ ማታ ድምፅ ኖሮኝ ያውቃል? መሐል የሚቆመው እኔ ነኝ፤ ማን ማንን እንደሚገፋ ለአራቱ የምጮኸው እኔ ነኝ፣ ያውም ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸ። ይህን ያህል ዘመን እሁድ እሁድ ያወራኋችሁ እንደ ቁራ በሻከረ ድምፅ ነው። ያን ረስቼ፣ ልክ እንደ ሰባኪ ጉሮሮዬን ጠርጌ "እንዴት ዋላችሁ!" ብዬ ገባሁ። ጅል!

"ዛሬ ብዙም አልጮኽኩ" አልኳት። "እሰይ፣ ዕረፍት ነው" አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ለመሆኑ ያ ልጅ ስሙ ማን ነው? ረቡዕ ለጸሎት ስንሰበሰብ ላነሣው ፈልጌ ነው። ሰው የሚይዘው እኮ ሲፈራ ነው" አለችኝ። "የቱ ልጅ?" አልኩ። "የእናቱን ስምም ብታውቀው ጥሩ ነበር፣ እሷም እየሰማች ይሆናል" ስትል አንቺ ተመልሰሽ መጣሽና ስልኩን ወሰድሽባት።

ታውቅ ኖሯል! መባረሬን ብቻ አይደለም፣ መያዝ ጥፋት መሆኑንም ታውቅ ኖሯል። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ስታጨበጭብልኝ... እስቲ አንቺው አስቢው፤ እኔ ባሰብኩት ቁጥር አለቅሳለሁ፣ ይህን የሚያህል ሰውዬ።

እንግዲህ አትንገሪያት የምልሽ ነገር የለኝም። ዕቃዬን ካርቶን ውስጥ እየከተትኩ ነው፤ መንገዱ ከተጠረገ በሚቀጥለው ሳምንት እነሣለሁ። ያ ጠባብ አልጋ አይችለኝም፣ መሬት ላይ አንጥፉልኝ። እስከዚያው እግዚአብሔር ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅልኝ፣ ለእማዬም ዕድሜዋን ያርዝምልኝ። እጇን ሳሚልኝ።

ልጁ ትሬሞን ይባላል በያት። የእናቱን ስም ደውዬ ጠይቄዋለሁ፤ ሎሬን ናት።

ወንድምሽ