ቢልቦርድ ላይ ቀበሮ፣ ትእዛዝ ላይ ውሻ ስለሆነው ስለ ዲማ

ለተከበሩ የደጋ እንስሳት ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሰላ

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎና ከነሠራተኞችዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? የሰሞኑ የጭላሎ ብርድ ጉልበትዎን እንዳልደፈረው፣ ያ ሳልዎም እንደተወዎት ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ፊቴን ወዴት እንደማደርገው ግን ጨንቆኛል።

ስሜን ረስተውት ከሆነ አልቀየምዎትም። ይስሃቅ እባላለሁ፤ እዚሁ አሰላ ሠርግና ምርቃት የማነሳ ባለ ፎቶ ቤት ነኝ። አዲሱን የመሥሪያ ቤትዎን ካሜራ አስይዘው ቀይ ቀበሮ አንስቼ እንዳመጣ ወደ ጋላማ ተራራ የላኩት፣ በከተማው መግቢያ ባቆሙት ትልቅ ቢልቦርድ ሥርም ስሙን ያጻፉለት ሰው እኔ ነኝ። ለዚህ ሁሉ ክብር ሳላመሰግንዎ መቅረቴ ነውር ስለሆነብኝ ይህን ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ስለ ካሜራው አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ እንዳስረዱን፣ ይህ ካሜራ የእንስሳን ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ አረንጓዴ ካሬ ይለጥፍበታል፣ ከአንሺው የሚጠበቀው ጣቱን መጫን ብቻ ነው። እውነትዎን ነው፤ ከእኔ ምንም አልተጠበቀም። ከሳጉሬ በላይ ቤታቸው ያሳደሩኝ አዴ ፋጡ፣ እንግዳ ብቻውን አይወጣም ብለው በዚያ ብርድ እስከ ሸንተረሩ ሸኙኝ፤ እሳቸው ሲመለሱ ቀላው ውሻቸው ዲማ ግን ሽኝቱ ያልበቃኝ ይመስል ተከተለኝ። ብቆጣው፣ ድንጋይ ያነሳሁ ብመስል፣ ወይ ፍንክች! ከአስታው ቁጥቋጦ ባሻገር አንዲት ቀበሮ ለፍልፈል አድፍጣ አየሁና ካሜራውን ደገንኩ፤ ዲማም ከፊቴ ወደ ጎን ብሎ ቆመ፤ ካሬውም ቅርብ ያገኘው ዓይን ላይ ተለጠፈ። ካሜራው ዓይን ፈልግ ተባለ እንጂ የማንን ዓይን እንደሆነ የነገረው የለም። እኔም በጭጋጉ ውስጥ ካሬውን ብቻ እያየሁ፣ አገኘልኝ ብዬ በደስታ ተጫንኩ። ፎቶ ቤቴ ገብቼ በኮምፒውተር ስከፍተው የዲማ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል፤ ቀበሮዋ ከኋላው ነጠላ ላይ የፈሰሰ ወጥ መስላለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰፊው ልብዎ። ይኼማ ያሳደሩኝ የአዴ ፋጡ ውሻ ነው ብዬ ባመለክት፣ ለቢልቦርዱ ምረቃ የተጠሩት እንግዶች ሊመጡ ጥቂት ቀን እንደቀራቸው አስታውሰው፣ ቀይ እስከሆነና ዓይኑ እስካማረ ድረስ የሚጠይቅ የለም ብለው አጽናኑኝ። ቅር ያለዎት አንገቱ ላይ ያለው ሰማያዊ ማሰሪያ ብቻ ነበር፤ ቀበሮ ማሰሪያ አያደርግምና አጥፋው አሉኝ። ያ ማሰሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለወሰደ ውሻ የሚታሰር ምልክት መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አጠፋሁት። በገዛ እጄ፣ በላዩ ፀጉር እያለበስኩ፣ የሙሽራ ብጉር እንደማጠፋው አድርጌ አጠፋሁት። በምረቃው ዕለት ሲጨበጨብልኝም መድረክ ላይ ወጥቼ እጅ ነሳሁ። ያን ዕለት አፍሬ ነበር ብል ዋሸሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝም ያ ደስታ ነው።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። ከእንግዶቹ መካከል የነበረችው የእንስሳት ሐኪም ሄለን፣ የተሰቀለው ውሻ መሆኑን በትሕትና በጆሮዎ ስትነግርዎ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ቢልቦርዱን ባወረደ ነበር። እርስዎ ግን ቆራጥ ነዎትና በውሻው ላይ ትእዛዝ ጻፉ፤ ቀበሮ በሚኖርበት ክልል ያለ ክትባት ምልክት ተገኝቷልና በመጪው ሰኞ እንዲወገድ። ማስረጃው የእኔ ፎቶ! በሽታው ቀበሮዎቹን ሊፈጃቸው እንደሚችል አልክድም፤ አዴ ፋጡም ውሻቸውን ያስከተቡት ለዚሁ ነው። ትእዛዙን እንዲያስፈጽም ያቋቋሙት ኮሚቴ አስቀድሞ ለማጣራት ሲመጣ ዲማን ይዘው ወጥተው ማሰሪያውን ቢያሳዩ፣ ፎቶው ላይ ስለሌለ በኋላ የታሰረ ነው ተባሉ። ቢልቦርዱ ደግሞ ዛሬም እንደቆመ ነው፤ ከሥሩም ቀይ ቀበሮ፣ ኩራታችን ይላል። እንግዲህ ክቡርነትዎ አንዱን ይምረጡልን፤ ቀበሮ ከሆነ በሕግ የተጠበቀ ነውና እጅዎን ይሰብስቡ፣ ውሻ ከሆነ ከኩራታችን ላይ ያውርዱት።

አዴ ፋጡ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ጅብ ከበጎቻቸው የሚመልስላቸው ዲማ ነው። ለኮሚቴው የተናገሩት ቃል ግን የበጎቹን ነገር አልነበረም፤ ይስሃቅን ጠይቁት፣ በዓይኑ አይቷል፣ እሱ አይዋሽም ነው ያሉት። ለእኔም ደውለው፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሲጠይቁህ ያየኸውን ንገራቸው፣ ሌላ አላስቸግርህም አሉኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ማሰሪያውን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ኮሚቴዎም እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ ሳልጠየቅ እመልሳለሁ። ዲማ ማሰሪያው አንገቱ ላይ ነበር፤ ወደ ክልሉም የገባው እኔን ተከትሎ ነው። ያልተነካው ፎቶ ከዛሬ ጀምሮ በፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ ተለጥፏልና ሲያልፉ ጎራ ይበሉ። ሰኞ ከኮሚቴዎ ቀድሜ ከአዴ ፋጡ ደጅ እገኛለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ እያንዳንዱን ቃል፣ ሳልዘል፣ ፊታቸውን እያየሁ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቢያስገቡኝም ባያስገቡኝም ፍርዱ የእሳቸው ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቢልቦርድዎ አጭር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ስሜ ከሥሩ እንዲፋቅልኝ ዝቅ ብዬ የምለምን፣

ይስሃቅ፣ ባለ ፎቶ ቤት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ በምረቃው ላይ ንግግር ሲያደርጉ ያነሳሁትን ፎቶ እንድልክልዎ ጠይቀው ነበር። ካሜራው የእንስሳ ዓይን እንዲፈልግ እንደታዘዘ ረስቼው ኖሮ፣ እርስዎን አልፎ ከኋላዎ የተሰቀለውን ዲማን አነሳ፤ እርስዎ ማን እንደሆኑ አይለዩም። ፎቶው ላይ ስለማይታዩ በምረቃው አልተገኙም የሚል ኮሚቴ ከመጣብዎ ግን አይስጉ፣ ይጥሩኝ፤ ለዲማ በጊዜው ያልደረስኩትን ለእርስዎ ፈጥኜ እደርሳለሁ።