የዝላቲን የቅመም ጨው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ጠዋት ውርጭ ነበር። የቅመም ጨው ስወቅጥ ዋልኩ። አብሽ፣ ቀይ በርበሬ፣ የተቆላ በቆሎ፣ ከአጥሩ ሥር የለቀምኩት ጦስኝ። ልጄ ዝላቲን አለቀብኝ ብሎ ነው… ባለፈው ወር አይደል እንዴ የላክሁለት? ነገ በአውቶቡሱ ሹፌር እልክለታለሁ።

ጎረቤቴ ፔና ድመቷን ታቅፋ መጣች።

«አሁንም ጨው? ልጅሽ ሶፊያ ከተማ ምግብ ቤት ከፈተ እንዴ?»

የእጄን ስለሚወድ ነው አልኳት። ኮራሁም።

ወሬ ይዛ ነበር። እህቷ ባለችበት ከተማ ጡረተኞች የድመት ምግብ በቆርቆሮ እየገዙ ራሳቸው ይበሉታል አሉ። «ድመት እኮ የላቸውም! ባለሱቋ ሁሉንም ታውቃቸዋለች።»

«ውሸት ነው» አልኳት። «እናት ያለው ሰው እዚያ አይደርስም።»

«ጡረተኛ ደግሞ እናት ከየት ያመጣል፣ አንቺ?»

ሳቅን። ድመቷም አየችን።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

ደወለ። እሑድ አይቀርም። ምን በላህ አልኩት።

«ሥጋ ነዋ እማዬ። በየቀኑ ሥጋ ነው።»

በጠርሙስ ያሸግሁትን ምግብ ልላክልህ? ቦሎቄው፣ የአሳማ ሥጋው፣ የተጠበሰው ቃሪያ… መደርደሪያውን ሞልቶታል።

«አትላኪ። አንቺ ብዪው፣ ክረምቱ ረጅም ነው። ጨው ብቻ ይበቃኛል።»

ቅር አለኝ። የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ የእናቱን ጠርሙስ ተሸክሞ ወደ ሶፊያ ይመለሳል። የእኔው ኮራ? «እንደፈለግህ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ዝላቲን ሞተ። ሳምንት አለፈው። ከሚሠራበት የሕንፃ ግንባታ መወጣጫ ላይ ወደቀ። ራሱን አዞረው አሉ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር።

ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 17

ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ። ለምን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ሶፊያ ሄጄ ክፍሉን ባዶ አደረግሁ። ክፍል ይሉታል… አልጋና መስኮት። ሁለት ሹራብ፣ የሥራ ጫማ፣ የአባቱ ምላጭ። አልጋው ሥር ሰባት ቆርቆሮ። ላያቸው ላይ ምላሱን ያወጣ ውሻ ሥዕል አለ። ስምንተኛው ተከፍቶ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ብርዱ ላይ ተቀምጧል። ማንኪያ ተሰክቶበታል። አጠገቡ የእኔ ጨው።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ አንድ አፍታ ደስ አለኝ። ውሻ ነበረው! ብቻውን አልነበረም።

አከራይዋን ውሻው የት አለ አልኳት።

«የምን ውሻ? እኔ ቤት ውሻ አይገባም፣ እትዬ። እሱም አመለ ሸጋ ልጅ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ ያልተፈቀደ ነገር አያደርግም።»

ታዲያ ውጭ ነው የሚያበላው። መንገድ ላይ። ልጅ ሆኖም ያገኘውን ቡችላ ሁሉ እየጎተተ ይመጣ ነበር። ቆርቆሮዎቹን በሻንጣ ይዤ ተመለስኩ። መጣል አልቻልኩም።

ማንኪያው ግን ራሱ የሚበላበት ማንኪያ ነው። እጀታው ላይ ሁለት የወይን ዘለላ ያለበት። እኔ ነኝ የሰጠሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 22

ለፔና ዝላቲን ውሻ እንደነበረው ነገርኳት። ቆርቆሮዎቹንም አሳየኋት። አየቻቸው። እኔንም አየችኝ።

«ምን ዓይነት ውሻ?» አለች በመጨረሻ።

አላውቅም። ያ ነው የሚያንገበግበኝ። ውሻው አሁን ማን ያበላዋል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

አርባው ደረሰ። እሑድ ነው የሚሞላው፤ ቅዳሜ ተዝካሩን እናወጣለታለን። ሟቹ ሲወድ የነበረውን ነው ለሰው የምንሰጠው። ምን ነበር የሚወደው? የልጅነቱን አውቃለሁ። የመጨረሻውን ዓመት ግን… «ሥጋ ነዋ» ነው ያለኝ። የምን ሥጋ? ለምን አልጠየቅሁትም?

ሁለት የሥራ ጓደኞቹ ደውለው እንመጣለን አሉ። ቢሰርና ኦግኒያን። ስለ ውሻው እነሱ ያውቃሉ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 14

መቃብሩ ላይ ወይን አፈሰስን። የስንዴ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ቦሎቄ አወጣሁ። የጎረቤት ሰው ሁሉ ተቀብሎ ነፍሱን ይማር አለ።

ሁለቱ የሥራ ጓደኞቹ ቤት ገቡ። ቢሰር ትልቁ ነው፣ ጢማም። ኦግኒያን ገና ጢም ያላበቀለ፣ ጃኬቱን አላወልቅም ያለ። ቢሰርን ወጥ ቤት ጠርቼ ጠየቅሁት። ዝላቲን ውሻ ነበረው?

ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። «ነበረው፣ እትዬ ራይና። እንዴታ! የግንባታው ግቢ ውስጥ የምትኖር። ጥቁር ናት። በጣም ነበር የሚወዳት።»

እጁን ሳምኩት። ልጁ ደነገጠ።

ማዕድ ላይ ለሁሉም ነገርኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ፔናም እንድትሰማ። ኦግኒያን አፉ እንደሞላ «አዎ፣ ያ ቢጫው» አለ። ከጠረጴዛው ሥር የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ኦግኒያን ማኘኩን አቆመ።

«ሁለት ናቸው» አለ ቢሰር። «ጥቁርና ቢጫ።»

ማንም ቀና አላለም። ፔና ተነስታ ዳቦ ቆረሰች። የተቆረሰ ዳቦ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበረ።

ኦግኒያን ቦሎቄውን ሦስት ጊዜ አስጨመረ። በየጊዜው «ስለ ነፍሱ ነው፣ እምቢ አይባልም» ይላል፣ እንደሚቀልድ። እኔም ለነፍሱ የሚሰጥ እምቢ እንደማይባል ነገርኩት። ደሞዝ ይከፍሏችኋል ወይ አለቻቸው ፔና። ከነሐሴ ወዲህ የለም አለ ኦግኒያን። ቢሰር አየው።

ሲወጡ ቢሰር በሩ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

«እትዬ ራይና… ከዚያ ጨው ትንሽ ይኖርሽ ይሆን? ዝላቲን ያካፍለን ነበር። እዚያ ሁላችንም ለምደነዋል።»

አንድ ጠርሙስ ሞልቼ ሰጠሁት። አውቶቡሱ ሄደ። ገብቼ ቆርቆሮዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 15

ዛሬ አርባ ሞላው።

ከቆርቆሮዎቹ አንዱን ከፈትኩ። የዝላቲንን ማንኪያ አመጣሁ። ቀመስኩ። ሳሙና የነካው ስብ ይመስላል። ጨው የለውም፣ ምንም የለውም። ለእንስሳ ነዋ የተሠራው። ጨዉን ነሰነስኩበት። በደንብ። ዓይን ጨፍኖ ከሆነ… ይዋጣል። አብሹ ሽታውን ይሸፍነዋል።

ሦስት ማንኪያ በላሁ። አልዋሸኝም። በየቀኑ ሥጋ ነው ያለኝ።

እኔ ነኝ ወቅጬ የላክሁለት። የእጄን ስለሚወድ ብዬ… ኮርቼ። አሥራ አራት ጠርሙስ ምግብ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ። እናት ያለው ሰው ነበር እኮ።

ፔና መጣች። ቆርቆሮውን አየች፣ ማንኪያውን አየች። አጠገቤ ተቀመጠች።

«አውቀሽ ነበር?»

«ሻንጣውን ስትከፍቺ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ምን ልታደርጊ?»

ማንኪያውን ወስጄ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። መደርደሪያውን አራገፍኩ። ስምንት የቦሎቄ፣ አራት የአሳማ ሥጋ፣ ሁለት የቃሪያ። እያንዳንዱን በአሮጌ ሹራብ ጠቀለልኩ፣ የዝላቲንንም ሹራቦች ጨምሬ። በእያንዳንዱ ክዳን ላይ «ስለ ዝላቲን ነፍስ» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ከተጻፈበት እምቢ ሊሉኝ አይችሉም። ለእሱም እንዲህ ጽፌ ብልክለት ኖሮ… ስለ ማን ነፍስ ብዬ?

ሹፌሩ ሳጥኑን ሲያነሳ አቃሰተ። «እትዬ ራይና፣ ድንጋይ ነው እንዴ? ለማን ነው?» ለቢሰርና ለኦግኒያን ስለው ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠልኝ።

አሥራ አራት ነው። ለሁለት ሰው ስንት ቀን? እዚያ ግንባታ ላይ ስንት ሰው አለ? አልጠየቅሁም። ሌላ የምልከው የለኝም።

ከታች፣ ጥግ ላይ ቦታ ተርፎ ነበር። ፔና የጨዉን ጠርሙስ አንስታ ልታስገባው ስትል እጇን ያዝኩ።

ጨው አልላክሁም።