ስሚዝ የሚባለው እንግዳ

ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ እኛን መምህራኑን ሊያሰለጥን ከእንግሊዝ አገር የመጣውን ሰው ምክትል ርእሰ መምህራችን የስሙን ትርጉም ጠየቁት። ሰውየው ስሚዝ ይባላል።

«ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው» አለ። «ሥራው ከሩቅ አያቶቼ ጋር ቀረ፣ ስሙ ግን አለ። በአገራችን የዚህን ስም ያህል የበዛ የለም።»

በመምህራን ክፍሉ ውስጥ አባቴ ቀጥቃጭ መሆኑን የሚያውቁት አቀረቀሩ። እኔ ግን ጠየቅሁት፤ «ለቀጥቃጭ ልጅ አንድርም ብሎ የከለከላችሁ አልነበረም?»

«ቢከለክሉን ኖሮ ይህን ያህል እንበዛ ነበር?» አለኝ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ነገ የእጮኛዬ የማርቆስ ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ ይመጣሉ። በቤተ ክርስቲያን ከዘመዶቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው፤ ጋብቻ ሲነሳ ግን ዘር ይቆጠራል። ቤት ስገባ እማዬ የአባዬን ወናፍና መዶሻ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ደብቃዋለች።

«እማዬ፣ ቀጥቃጭ መሆኑን እኮ ያውቃሉ» አልኳት።

«ቢያውቁም አይዩት» አለችኝ።

አወጣሁትና መግቢያው በር አጠገብ፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ መለስኩት።  አባዬ ተነሳና ከመዶሻው ላይ አፈሩን ጠረገ።

ማርቆስ ከእኔ ጋር ነው። ሽማግሌ ሆነው የሚመጡት አጎቶቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ቤቱ ግን አይጠፋቸውም፤ ማጭዳቸውን የሚያሠሩት እዚሁ ነው።