በሻንጣ የመጣው ቀለም

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ጠዋት
ሱቁ ውስጥ፣ ሥራ ካቆመው የማተሚያ ማሽን አጠገብ

ለናፈቅከኝ ለቀለሜ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ወገብህስ? እዚያ ሰው አገር ቀበቶውን ሳታስር ካርቶን እንደምታነሳ አውቃለሁ፤ አንተና ምክር መቼም ተስማምታችሁ አታውቁም። እኛ አለን። ልጅህ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ምራቋን ትረጭብኛለች፤ ዝም ግን አትልም፤ በማን እንደወጣች እንጃላት። እናትህም አሉ። ይህን ደብዳቤ ሻንጣህን ያመጣልን ጓደኛህ ሲመለስ ይሰጥሃል።

ባለፈው ስትደውል «የሥራ ውሉን ለሁለት ዓመት ላድስ ወይስ ጠቅልዬ ልምጣ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ኔትወርኩ ደህና ነበር። መልሱ ነው ከአፌ አልወጣ ያለኝ። ስምምነታችን ሱቁ እኛን ማብላት ሲጀምር ትመጣለህ ነበር አይደል? እንግዲያው ሱቁ የት እንደደረሰ ልንገርህ።

መጀመሪያ የነበርንበትን ታውቃለህ። የማሽኑ ኦርጅናል ቀለም ምን ይወጣለታል! ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ የሰው ፊት የሰው ፊት ይመስላል። ግን በካርትሪጅ፣ በትንንሽ እሽግ ዕቃ ነው የሚሸጠው፣ ጠብታዋ እንደ ሽቶ ነው የምትወደደው። ቲሸርቱን አትሜ ትርፉን ስፈልገው ካርትሪጁ ቀድሞ በልቶታል። ዋጋ ልጨምር ስል ደንበኛው መንገዱን ተሻግሮ ጥድፌ ጋ ይገባል። ጥድፌ በሊትር የሚሸጠውን ቀለም እየሞላ በግማሽ ዋጋ ይሠራል። የሱ ሥራ ፀሐይ ሲያገኘው አመድ ይመስላል፤ ሰው ግን ዋጋውን እንጂ ፀሐዩን አያይም። ስለዚህ በስልክ ስንጨቃጨቅ ከርመን እኛም ወደ ሊትሩ ዞርን። ማሽኑ ላይ የቀለም ማጠራቀሚያ አስገጠምኩ፣ አስመጪው ጋ ካለው የተሻለውን መረጥኩ፣ ለዚያ ቀለም ተብሎ የተሠራውን የቀለም ማስተካከያ ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ሱቁ መተንፈስ ጀምሮ ነበር። እናትህ እንኳን «ልጄ ሊመጣ ነው» ብለው ፍራሽህን አስወጥተው ፀሐይ አስመቱልህ።

ከዚያ ሻንጣህ መጣ። ትልልቅ የቀለም ጠርሙሶች፣ በሹራብህ ተጠቅልለው። በትርፍ ሰዓትህ ገንዘብ የገዛኸው። ሹራቡን አሸተትኩት፤ ምን አለበት፣ ባሌ ነህ። ቀለሙ የሌላ ፋብሪካ ነበር፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም ማንበብ አልቻልኩም። ደውዬ ስጠይቅህ «ቀለም ቀለም ነው፣ ጨምሪበት፤ ዓመት ይበቃሻል» አልከኝ። ድምፅህ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር! እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁህ ቆይቶ ነበር። እኔም የቀረውን ሳልደፋ፣ ቱቦውን ሳላጥብ፣ ላዩ ላይ ገለበጥኩት። ሌላ ሰው የሰጠኝ ቢሆን በብልቃጥ ቀላቅዬ አሳድሬ አየው ነበር። ካንተ የመጣን ነገር እንዴት ብዬ ልጠርጥር?

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ልጃቸው ሞታባቸው፣ ለመታሰቢያዋ ቀን ፎቶዋን ለቤተዘመዱ በቲሸርት እንዳትምላቸው መጡ። መጀመሪያ የሚታተምበት ወረቀት ላይ ሁሌም ደብዘዝ ብሎ ነው የሚወጣው፣ የሚደምቀው ቲሸርቱ ላይ ተደርጎ ሙቀት ሲያርፍበት ነው፤ ስለዚህ ምንም አልጠረጠርኩም። ተኩሼ ወረቀቱን ልጥ ሳደርገው፣ ወይ ጉዴ! ያቺ ጠይም ልጅ አረንጓዴ ሆናለች። ከንፈሯ ሐምራዊ። ፋይሉ ለድሮው ቀለም የተሠራ ነዋ! ደገምኩት፣ ባሰበት። ቀጥሎ ጉንጯ ላይ ነጭ መስመር ገባ፣ ከዚያ ቀዩ ጭራሽ አልወጣ አለ። ለካ ሁለቱ ቀለሞች አልተስማሙም፤ ቱቦው ውስጥ እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጥረዋል።

ሴትየዋ ሲመጡ ቲሸርቱን ልደብቀው ስል አዩት። ምነው በጮሁብኝ! በመዳፋቸው ፊቷን አበስ አበስ አደረጉና፣ «ታማ እንኳን እንዲህ አልሆነችም» አሉኝ። ገንዘባቸውን መልሼ፣ እጃቸውን ይዤ ራሴ ጥድፌ ጋ ወሰድኳቸው። ምን ላድርግ? ቀኑ ደርሶባቸዋል።

አንተ «ዶክተር» የምትለው ጠጋኝ መጥቶ ሲያጥብ ሲነፋ ዋለ። ማታ እጁን እየጠረገ «ቀለም የሚረጨው የማሽኗ ጭንቅላት አልቆለታል፤ እሱን ከምትቀይሪ አዲስ ማሽን ብትገዢ ይሻልሻል» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ በምን ልግዛው? የተረፈውን ቀለምም ልሽጥልሽ አለኝ፣ አይሆንም አልኩት። ልድፋውም ብዬ ከመደርደሪያው አንድ ሁለቴ አውርጄው ነበር። አልቻልኩም። ያንተ ትርፍ ሰዓት እኮ ነው፣ እንዴት አድርጌ ነው የምደፋው?

ቀለሜ፣ እየወቀስኩህ እንዳይመስልህ። አንተ በሞኝነትህ አልላክኸውም፣ እኔም በስንፍናዬ አልገለበጥኩትም። የምቆጣው ሰው ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ! አፌን ታውቀው የለ፣ አልምረውም ነበር። የቲሸርት መተኮሻውን ጥድፌ ከእኔ ገዝቷል። «አንቺም አብረሽው ነይ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ስንሰድበው የኖርነው በከንቱ ነው። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ እሱ ጋ ተቀጥሬ እተኩሳለሁ። የሱቁን ቁልፍ ነገ ለአከራዩ አስረክባለሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፤ ፈርም። ና ብልህ ትመጣለህ፣ አውቅሃለሁ። ጥቂት ሳምንት ተያይተን ተሳስቀን ከዚያ ምን ልንሆን ነው? የእናትህን መድኃኒት በጥድፌ ደሞዝ አልችለውም። ፈርም።

ከመፈረምህ በፊት ግን አፈር ስሆን ለእናትህ ደውልላቸው። ደህና ናቸው አላልኩህም፣ አሉ ነው ያልኩህ። አሁን ከአልጋ የሚነሱት እኔን ተደግፈው ነው። ሐኪሙም ቀጠሮ መስጠት ትቷል። «ቤት ሆነው ይረፉ» ነው የሚለኝ። ስለ ሁለት ዓመቱ ትንፍሽ እንዳትል። መቼ ነው የምትመጣው ካሉህ «በቅርብ» በላቸው፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጌ እኔ እወጣለሁ። አትቸኩል። ድምፅህን ይጥገቡት።

እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ። በሄድክበት ክፉ አይንካህ፣ የሰው ፊት አያሳይህ።

ሚስትህ