በባቲስት ቦታ የቆመው ሰውዬ

ካላ ሞራዳ፣ ጁላይ 17 ቀን 2018

ለምወድህ የወንድሜ ልጅ ለባቲስት፣

እንዴት ከርመሃል? በኖርዌይ ብርድ ዓሣ እንደ ዶሮ በአጥር ከልለህ እያረባህ እንደሆነ እናትህ ነግራኛለች። አያትህ ይህን ቢሰማ መረቡን ይዞ ከመቃብር ይነሣ ነበር።

እኛ ደህና ነን፤ ይህ ደህንነት ከተባለ። የጎብኚው ሁሉ የቆዳ ቅባት ባሕሩ ላይ እንደ ሾርባ ስብ ሰፍፏል። ሰኞ ልዋኝ ገብቼ የወጣሁት እንደተጠበሰ በርበሬ እያብለጨለጭኩ ነው። ወደቡ ዳር የተከፈተው ምግብ ቤት ደግሞ በዓሣ ብቻ የሚሠራው ሩዛችን ውስጥ ቋሊማ ቆራርጦ ይጨምራል። ቋሊማ! እናትህ ሽታው ሲደርሳት መስኮቷን ዘጋች።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሩዝ አይደለም። የእመቤታችን በዓል ትናንት ነበር።

ሐውልቷን በትከሻ ተሸክመን በምንዞርበት ወሳንሳ ሥር የአባትህ ቦታ ከእኔ ፊት ነው። እሱ ሲሞት ላንተ ተላለፈ፤ አንተም ሄድክ። የቀረ ሰው ቦታ ባዶውን ይሄዳል፣ ክብደቱን ከኋላ ያለው ይሸከምለታል። ሰባት በዓል ባዶ ከሄደ ግን ከቤተሰቡ ወጥቶ ለሌላ ይሰጣል። ትናንት ሰባተኛው ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። "ሥራ በዝቷል አጎቴ" አልከኝ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰልፈን ሳለ ከማዘጋጃ ቤት የጎብኚዎች ክፍል አንዲት ልጅ አንድ ሆላንዳዊ እየጎተተች መጣች። ቁመቱ የጀልባ ምሰሶ፤ አጭር ሱሪ፣ ነጠላ ጫማ፣ አፍንጫው ላይ ነጭ ቅባት።

"ጋሽ ሴንቶ፣ እንግዳችን ዊም መሸከም ይፈልጋል። ከፊትዎ ባዶ ቦታ አለ አይደል?"

"አይቻልም!" አለ የማኅበራችን ሊቀመንበር ቺሞ። "ደንቡ የሚፈቅደው የቤቱን ሰው ወይም የቤቱን እንግዳ ነው። ባዶውን ይሂድ!"

ቺሞ ያንን ቦታ ባሕር ዳር ጃንጥላ ለሚያከራየው አማቹ እንደሚመኘው አገር ያውቃል። ሆላንዳዊውን አየሁት፤ ቺሞን አየሁት። ሁለቱም አንገሸገሹኝ። አፌ ግን ቀደመኝ።

"የቤታችን እንግዳ ነው" አልኩ።

"የማን ቤት?"

"የአምፓሮ። ማታ አብረን በልተናል።"

"ቋንቋ ሳትግባቡ?"

"አንተስ ከሚስትህ ጋር ትግባባለህ?"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ቺሞ ፊቱ ቀልቶ ሴቶቹ ወደቆሙበት ዞረ። "አምፓሮ፣ እውነት ነው?"

እናትህ ዋሽታ አታውቅም። ሻማዋን እንደያዘች ሰውዬውን ከነጠላ ጫማው እስከ አፍንጫው ቃኘችው።

"ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በልቷል" አለች።

እንዲህ ሆኖ ገባ። ማስቲካ እያኘከ! በአንድ እጁ ስልኩን ዘርግቶ ራሱን እየቀረጸ! አባትህ በትከሻው ያለሰለሰውን እንጨት በዚያ ቅባት ለቀለቀው። እመቤታችን ቀና ብላ ወደ ባሕሩ ታያለች፤ እኔ ታች የሆላንዳዊ ላብ አሸታለሁ። 

የወደቡ ደረጃ ላይ ስንደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ለማንም አልነገርኩም፣ አንተም ለእናትህ እንዳትነግር። ሰውዬው ስልኩን ኪሱ ከተተና እንጨቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሸክሙ ከላዬ ተነሣ። ያን ጊዜ የባሰውን ጠላሁት። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ቺሞ መዝገቡ ላይ "ሰው ነበረበት" ብሎ ጽፏል፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀድደው ምንም አልቀረው። እናትህ ደግሞ ውሸቱ ነፍሷን ስለከበዳት ሆላንዳዊውን ዛሬ ምሳ ጠርታዋለች። እኔንም ጠርታኛለች። ያለ ቋሊማ እንደምትሠራ አልጠራጠርም።

እመቤታችን ከበረዶውም ከብቸኝነቱም ትጠብቅህ። በሄድክበት ሰው አይጥፋብህ። ቆጠራው ከዜሮ ተጀምሯል፤ ሰባት በዓል አለህ። ሰባተኛው ሲደርስ ግን እኔ ሰማንያ አንድ ይሆነኛልና፣ ያን ጊዜ ለቺሞ የሚዋሽልህ ሌላ ሰው ፈልግ።

አጎትህ ሴንቶ