ኦሪጂናሉን ፍሬን ላስመለሱልን ሊቀ መንበር

ለተከበሩ የጥንታዊ አውቶሞቢሎችና የጭነት መኪኖች ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ እንደሚያስቸግርዎ ሰምቼ አዝኛለሁ። ያቺ ነጭ ክፍት መኪናዎ ግን አንድም ጭረት እንዳላገኛት በዐይኔ ስላየሁ ስለ እርሷ ደኅንነት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለሁለታችሁም መልካሙን እመኛለሁ፤ ለእርስዎ ዕድሜ፣ ለእርሷ ጥላ።

እኔን ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። በማኅበሩ ግቢ መኪኖቻችሁ ተሰልፈው በሚቆሙበት ቀን ሁሉ «እሜቴ» የምትባለውን አረንጓዴ የጭነት መኪና ኮፈን በጨርቅ የማሽ የነበርኩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። አንድ ጊዜ «የዚህች ልጅ ምላስ ከሞተሩ የተሻለ ዘይት ይጠጣል» ብለው ሽማግሌዎቹን አስቀውብኛል፤ ቀልዱ ጥሩ ስለነበረ እኔም ስቄአለሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚሉኝም አውቃለሁ፤ ነገር ግን እራት ልጋብዝዎ ሳይሆን አንዲት ነገር ልጠይቅዎ ነው የጻፍኩት። ሰው ሲለምን አመስግኖ ይጀምራል ስለተባልኩ በምስጋናው እጀምራለሁ።

አንደኛ፣ ለአሮጌ ነገር ስላላችሁ ፍቅር አመሰግናለሁ። የልጅ ልጆቻቸውን ስም እያደባለቁ የሚጠሩ አባቶች የአንድ መኪና የፊት መብራት በየትኛው ወር ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይሳሳቱ ሲናገሩ መስማት ትልቅ ትምህርት ነው። የወተት ነጭና የዝሆን ጥርስ ነጭ አንድ ቀለም ናቸው ወይስ ሁለት በሚል ጉዳይ ከምሳ በፊት የተጀመረ ክርክር መብራት እስኪበራ ድረስ ሲቀጥል እኔው ራሴ ወንበር አመላልሻለሁ። በአንድ ብሎን ምክንያት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾችም በማኅበራችሁ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ብሎኑ አሁን በደንብ ጠብቋል፣ እነርሱ ግን እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም። እንዲህ ያለ ጽናት እኛ ወጣቶች ዘንድ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ የኦሪጂናልነት አጣሪ ኮሚቴ የሚባለውን ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ይህንን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አያቴ እሜቴን ጸጉሩ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እስኪነጣ ድረስ ጭነት ሲያመላልስባት ኖሯል። ከጎኑ የተቀመጠው ረዳቱ ደግሞ ያው አንድ ሰው ነበር፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያውቀው ስለሌለ ሁላችንም ጋሽ ታኮ እንለዋለን። ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ልትቆም ስትል፣ ገና ጎማው መሽከርከሩን ሳይጨርስ ዘሎ ይወርድና ከስፖንዳው ሥር በሰንሰለት ከምትንጠለጠለው ቦታ ያቺን ታኮ የምትባል ሦስት ማዕዘን እንጨት መዝዞ ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃታል። ሥራው ይህ ነበር፤ ስሙም ከዚያ መጣ። አያቴ ጡረታ ሲወጣ የቀጠረው ድርጅት እሜቴን እንደ ቁራጭ ብረት ሊሸጣት ሲል ገዛት፤ ጋሽ ታኮም «አሮጊቷን ለብቻህ አትችላትም» ብሎ አብሯት መጣ።

ታዲያ የእርስዎ ኮሚቴ አጉሊ መነጽርና የፋብሪካውን የድሮ ፎቶግራፍ ይዞ መጥቶ ሦስት ነውሮችን አገኘባት። አያቴ አንድ ጊዜ ክፉ ቁልቁለት ላይ ከሞት ለጥቂት ካመለጠ በኋላ ያስገጠመው የአየር ፍሬን ፋብሪካው የማያውቀው ነው ተባለ። የመቀመጫ ቀበቶዎቹም እንዲሁ። ሦስተኛዋ ታኮዋ ነበረች፤ በፎቶግራፉ ላይ አትታይማ። ሦስቱም ካልተነሱ ሜዳሊያ የለም ተባለ። ፎቶግራፉ የተነሳው በፋብሪካው ውስጥ እንደ ጠረጴዛ በተደላደለ ሲሚንቶ ላይ መሆኑን ለማየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም ነበር፤ ኮሚቴው ግን የመጣው መኪናዋን ሊመረምር እንጂ ወለሉን ሊመረምር ስላልሆነ አልወቅሰውም። ጋሽ ታኮ በትሕትና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «ጌቶቼ፣ ፎቶግራፍ ውስጥ ያለች መኪና እኮ አትንከባለልም» ሲልዎ፣ እርስዎ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አንተም ብትሆን ፋብሪካው ያላወጣህ ትርፍ ዕቃ ነህ» አሉት። ግቢው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ቤት ሲመለስ ግን ነገሩን ለሚስቱ አልነገራትም፤ እሷ የሰማችው ከለቅሶው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ስላለብኝ እናገራለሁ። አያቴን ማንም እጁን አልጠመዘዘውም። የዓመቱን ሜዳሊያ ፈልጓት ነበር፤ በሰልፉ ፊተኛ ረድፍ መቆም አምሮት ነበር። እናቴ «አባዬ፣ ፍሬን አውልቆ መንዳት ምን የሚሉት ጌጥ ነው?» ስትለው «ለአንድ ቀን ናት፣ ተይኝ፣ ስንት ቀን የነዳኋት ናት» አላት። የጋራዡ መካኒክ የድሮውን ፍሬን መልሶ ገጥሞ የአየር ታንኩን ሲያስረክበን ፊቱን አዙሮ ነበር። ታንኩ አሁንም በረንዳችን ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ተቀምጧል፤ እናቴ መጥረጊያ ታስደግፍበታለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አያቴ ሜዳሊያዋን፣ እናንተ ደንቡን ይዛችሁ ሁለታችሁም አልለቀቃችሁም። ልዩነቱ አንደኛው ወገን ዋጋውን መክፈሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰልፉን ራስዎ ስለመሩልን አመሰግናለሁ። ከማኅበሩ ግቢ እስከ አደባባዩ ያለው መንገድ አንድ ረጅም ቁልቁለት መሆኑን የከተማው ብስክሌተኛ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ከፊት በነጯ መኪናዎ ቆመው በሰው እርምጃ ሲወርዱና ሕዝቡን በእጅ ሲባርኩ ከኋላ የነበሩት የጭነት መኪኖች ቁልቁለቱን ፍሬን እንደረገጡ ይወርዱ ነበር። ማንም እንዳይቀድምዎ፣ ማንም ረድፍ እንዳያበላሽ አስቀድመው አዘው ነበርና። ይህም አልበቃ ብሎ መሐል ቁልቁለቱ ላይ ለፎቶግራፍ አስቆሙን። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ፀሐይ» ሲልዎ ዞሩ፣ ኮፍያዎን አስተካከሉ፣ እንደገና ዞሩ። እኔ በእግረኛው መንገድ ከእናቴ ጋር እሜቴን እየተከተልኩ ስለነበር የጋለ ፍሬን ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እናቴም ሸተታት፤ እጄን ያዘችኝ።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እሜቴም ተንቀሳቀሰች፤ መቆም ግን አልቻለችም። ጋሽ ታኮ በሩን ከፍቶ እንደ ልማዱ ዘለለ። ቀኝ እጁን ወደ ስፖንዳው ሥር ሰደደ። ሰንሰለቷም ታኮዋም በትእዛዝዎ ስለተነሱ እጁ ባዶ ወጣ። ለቅጽበት ያህል ኪሱን ዳብሶ ቁልፉን እንዳጣ ሰው እጁን አየ። ከዚያ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ነቅሎ ከኋላ ጎማው ሥር ሊወሽቅ አጎነበሰ፤ ጎማው ድንጋዩን ወጣበት። እሱንም ወጣበት። አያቴ ከፊቱ የእርስዎን መኪና ሲያይ መሪውን ወደ ተዘጋው መጋዘን ግድግዳ ጠመዘዘ፤ ነጯ መኪናዎ አንድም ጭረት ያላገኛት በዚህ ምክንያት ነው። እስካሁን አመሰግናለሁ ያላሉት የሥራ ብዛት ይዞዎት እንደሆነ እገምታለሁ።

አራተኛ፣ በለቅሶው ላይ የማኅበሩን ቀለም የለበሰ የአበባ ጉንጉን ስለላኩ አመሰግናለሁ። ከጉንጉኑ ቀጥሎ ያወጡት መግለጫ ደግሞ ከአበባው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ሆነ። በመግለጫው አደጋው የደረሰው አሽከርካሪው በዕድሜ ምክንያት ፍሬኑን በጊዜው ባለመርገጡ መሆኑን፣ ሟቹም ማንም ሳያዘው ከሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ላይ በመውረዱ መሆኑን፣ በእሜቴ ኦሪጂናል ፓራውልት ላይ የደረሰው ጉዳትም ማኅበሩን በጥልቅ እንዳሳዘነ ገልጸዋል። ሐዘንዎን ለፓራውልቱ ስላልነፈጉት ደስ ብሎኛል። ከዚያም ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሰዎች በሰልፍ ላይ እንዳይነዱ የሚከለክል ደንብ አወጡ፤ የሥራ አስፈጻሚ አባላትን አይመለከትም የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ስለነበር ለዚህም ባለ ውለታዬ ነዎት።

አምስተኛ፣ መርማሪዎቹ መጥተው ፍሬኑን ፈትተው አይተው ነበር፤ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣው ሆኖ አገኙት። እንኳን ደስ ያለዎት።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ። አያቴ አሁን በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ሲሚንቶውን ይረግጣል፣ ያነሳል፣ ይረግጣል። ጫማው ከአንድ ወገን ብቻ አልቋል። ምሳ ሲቀርብለት በመሐል ማንኪያውን አስቀምጦ «ረግጬዋለሁ አይደል?» ይለናል። እናቴ «ረግጠሃል አባዬ፣ እኔ እኮ ነበርኩ» ትለዋለች። «እነሱ ግን አልረገጠም ብለዋል» ይላል፤ «እነሱ መኪና ያውቃሉ።» ክቡርነትዎ ልብ እንዲሉልኝ የምሻው ይህችን ናት፦ አያቴ ሰውነቱን ከማመን እናንተን ማመን ይቀለዋል። ከእርስዎ ጋር ያሳለፋቸውን ቅዳሜዎች ሁሉ በክብር የሚቆጥር፣ የማኅበሩን ጃኬት ዛሬም በመስቀያ ላይ ብቻውን ያንጠለጠለ ሰው ነው። ወንድሙን፣ ጓደኛውን፣ የቀኝ ጎኑን በራሱ እግር ስንፍና እንደገደለ አምኗል፤ ያሳመኑትም እርስዎ ነዎት።

እኔ ካሳ አልጠይቅም። ሜዳሊያም አልጠይቅም፤ እናቴ ብታገኛት በር መያዣ ታደርጋታለች። የምጠይቀው በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆመው ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲያነቡ ብቻ ነው፦ «የአየር ፍሬኑን ያስፈታነው እኛ ነን። ታኮዋንም ያስነሳነው እኛ ነን።» ነጭ ከነጭ ይለያል አይለይም በሚል ግማሽ ቀን ለተከራከራችሁ ሰዎች ይህ ጊዜ የሚፈጅ አይመስለኝም። ከንባቡ በኋላ በሰልፍ የሚወጣ የጭነት መኪና ሁሉ ፎቶግራፉ ላይ ቢታይም ባይታይም ታኮውን ይዞ ይውጣ ቢሉ፣ የሌሎቹም ረዳቶች ሚስቶች ይመርቁዎታል።

ክብርዎ ሲያልፍ ከመቀመጫዬ የምነሳ፣ ከተነሳሁ ደግሞ ቶሎ መቀመጥ የማልወድ፣ ለኮፍያዎ፣ ለጢምዎና ለወንበርዎ ያለኝን አክብሮት ከዚህ በላይ በቃላት መግለጽ ያልቻልኩ፣

የሾፌሩ የልጅ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወጣት አባላት አጣን እያሉ በየንግግርዎ ሲያዝኑ ስለሰማሁ ሆዴ አልችል ብሎ ባለፈው ሳምንት በማኅበሩ ቢሮ ተመዝግቤአለሁ። ጸሐፊዎ በደስታ ጉንጬን ስሞ ኮፍያ ሰጠኝ። በማኅበራችሁ ወግ መሠረት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው አዲሱ አባል መሆኑን፣ መናገር የጀመረንም አባል ማንም እንደማያቋርጠው እሱው አስረዳኝ፤ ወጉን ያወጣችሁት እናንተ የሰው ንግግር ማቋረጥ ስለምታበዙ እንደሆነም በሹክሹክታ ነገረኝ። ስለዚህ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች እኔ ራሴ ማንበብ እችላለሁ። ነገር ግን አያቴን ከፊት ረድፍ አስቀምጠዋለሁ፤ ከእኔ አፍ ቢሰማው «ልጅ ናት፣ ልታጽናናኝ ነው» ይላል። እባክዎ እርስዎ ያንብቡት፣ እስኪያነቡትም ድረስ ቆሜ እናገራለሁ። ከእርስዎ አፍ ከሰማው ያምናል፤ ውሸቱንም ያመነው ከእርስዎ አፍ ስለሰማው ነው።