የደጃፋችን ቢራቢሮዎች

ሆሳዕና፣ ኅዳር 7 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ለገነቴ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትህን አልጎዳውም? እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ገነቴ የፊት ጥርሷን አውልቃ እያፏጨች ነው የምታወራው። እህትህ አበራሽም ከኔው ጋር ናት፤ እንደ ልማዷ ሁሉንም ነገር ከኔ በላይ ታውቃለች። አንተ ግን በጣም ናፍቀኸናል። ኋላ በቁጣዬ መሃል እንዳይጠፋብኝ ይህን አስቀድሜ ልበለው።

ካንተ በፊት ይህን ወረቀት ከፍተው ለሚያነቡት ሰውም ሰላምታዬ ይድረስ። የእጅ ጽሑፌ መጥፎ ነው፤ ዓይንዎን እንዳያደክም ተጠንቅቄ ጽፌያለሁ።

እንግዲህ የደጃፋችንን ነገር ልንገርህ። ከመታሰርህ በፊት፣ እዚህ ሣር ላይ አበባ ብንተክል ቢራቢሮ ይመጣልን ነበር፣ ተማሪዎቼንም አምጥቼ አሳያቸው ነበር ስትለኝ ሳቅሁብህ። የቤት ፊት ሣር የሰው መቀመጫ ነው፤ እንግዳ ያርፍበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል። አበባ ብተክልበት ሰው የት ሊቀመጥ ነው፣ እናትህስ ብትሰማ ምን ትለኛለች አልኩህ። አንተም ትከሻህን ነቅነቅ አድርገህ ተውከው።

የምንሄድበት የጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ ሣራችን ላይ ሰው ይበዛ እንደነበር ታውቃለህ። አንተ ከሄድክም በኋላ መምጣቱን አልተወም። ይህን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሀብቴ ደረሰበት። በግንቦት መጣና፣ ለምርት ዘመቻው ደጃፍሽ ተቆፍሮ ጎመን ይተከልበት፣ እምቢ ካልሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አለኝ። ጎመን አምሮት አይደለም። ሰው መቀመጫ እንዲያጣ ነው የፈለገው።

አበራሽ አለቀሰች። እኔን ግን ንዴቱ አላስለቅስ አለኝ። ቆፍሪ ከተባልኩ እቆፍራለሁ ብዬ ሣሩን በገዛ እጄ ገለበጥኩት። ጎመኑንም እንደታዘዝኩት በመስመር ተከልኩ። በመስመሩ መሃል ምን እንዳልተክል ግን ማንም አልነገረኝም። የሱፍ አበባ ዘራሁበት። አደይ አበባ ከሜዳ ነቅዬ አመጣሁ። ጎረቤታችን እማማ ትርፊትም ጤና አዳምና በሶብላ ከነሥሩ ሰጡኝ፤ ጓድ ሀብቴን እሳቸውም አይወዱትም። ቢራቢሮ ከጭቃ ውስጥ ውሃ ይጠጣል ብለኸኝ ስለነበር ጥጃዋ የምትታሰርበትን ጥግ እርጥቡን እንደሆነ ተውኩት። ያኔ የሳቅሁብህ እኔ ነኝ ይህን ሁሉ የማደርገው፤ አሁን ተራው ያንተ ነውና ሳቅብኝ።

ክረምቱ ወጣ ሲል ቅጠሉ ሁሉ ትል በትል ሆነ። አበራሽ ባለሙያነቷ ተነሳባትና፣ እናቶቻችን ለጎመን እንደሚያደርጉት ጠዋት ጠዋት የምድጃ አመድ ትነሰንስበት ጀመር። እኔ ቢራቢሮ እጠብቃለሁ፣ እሷ ከሥር ከሥሬ እየተከተለች ልጆቹን ትፈጅልኛለች። ነገሩ የገባኝ ያ አረንጓዴ ወፍራም ትል ጤና አዳሙ ሥር ሞቶ ሳየው ነው። ለገነቴ በብርጭቆ አሳድገህ፣ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ሆኖ ሲወጣ ያሳየሃት ትል መሆኑን አወቅሁት። አመዱን ብከለክላት አኮረፈችኝ። ሰው እንዴት ትል ያረባል እያለች ለመንደሩ ሁሉ አወራች። አርብቻለሁ፣ ምን ይሁን።

ከመስቀል በኋላ ደጃፋችንን ብታየው ኖሮ ትደነቅ ነበር። ነጩ፣ ቢጫው፣ ብርቱካንማው፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሁሉም ይመጣል። ሰውም ሊያይ ይመጣል፤ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ከሆመቾ ለገበያ የወጣው ሳይቀር። መቀመጫ ስለሌለ ቆመው ነው የሚያዩት። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፣ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል። እኔ ማንንም እንዴት ነው የምታየው ብዬ አልጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት ጓድ ሀብቴ ጎመኑን ሊቆጣጠር መጣ። ነጩ ቢራቢሮ እንቁላሉን ጥሎበት፣ ትሉ ጨርሶት፣ ከቅጠሉ የቀረው ጅማቱ ብቻ ነው። አንዱን ቀጥፎ አነሳና በቀዳዳው አየኝ። ይሄ ምንድን ነው አለ። ጎመን ነው ጓድ ሊቀመንበር፣ እንዳዘዙኝ በመስመር ተክያለሁ፣ የበላው ትል ስለሆነ እሱን ይጠይቁልኝ አልኩት። አመድ አድርጊበት አለኝ። አመዴን ለእንሰቴ እፈልገዋለሁ አልኩት። ይህን ጊዜ አበራሽ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው፣ በዚያው ታረቅን።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲቆጣ አልፈራውም፤ ሲለሳለስ ነው የምፈራው።

«ባልሽን ጽፈሽ ምከሪው» አለኝ። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰው ፊት ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ያሰማ። ለገና እቤቱ ነው።»

እውነቱን ልንገርህ፤ እሱ ሲወጣ የጥጃዋን አንገት አቅፌ አለቀስኩ። በሩ ኋላ የተሰቀለውን ኮትህን አውርጄ አራገፍኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ለገና ይለብሰዋል እያልኩ ቁልፉን ሳይቀር አጠበቅሁ። ሲመሽ መልሼ ቦታው ላይ ሰቀልኩት።

ጻፊ ስላለኝ ይኸው ጽፌያለሁ። ምክሬ፣ እጅህን አታንሳ ነው። ተሳስታ ጻፈች እንዳይባል እደግመዋለሁ፤ እጅህን አታንሳ። በተለይ ለኔ ብለህ አታንሳ። አንተ አንገትህን ደፍተህ የምትገባበትን ገና አልፈልገውም። እርስዎም የሚያነቡት ሰው፣ ከፈለጉ አስምሩበት። ወረቀቱን ባይሰጡትም እኔ ምን እንደምለው እሱ ሳልጽፍለትም ያውቀዋል።

ደጃፉን አላስነካም። ጎመን እንደገና ትከዪ ካለኝ እንደገና እተክላለሁ፤ ትሉም ይብላ፣ ቢራቢሮውም ይምጣ፣ የሚያየውም ሰው ይቁም። አበባውን ሊነቅል ከመጣ አስቀድሞ እኔን ይንቀል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ገነቴ ደጃፍ ላይ ጤና አዳሙ አጠገብ ተቀምጣለች። እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ጥቁርና ቢጫው እስኪያርፍላት ትጠብቃለች። የጓድ ሀብቴን ነገር ሰምታ ኖሮ አሁን ጠየቀችኝ፤ አባዬ እጁን ቢያነሳ ይመጣል ወይ አለችኝ። ይመጣል አልኳት፣ ልዋሻት አልቻልኩም። ፊቷን ሳታዞር «እኔም አላነሳም በይው» አለችኝ።

አንደኛ ክፍል መግባቷን አልነገርኩህም ለካ። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ግራ እጃቸውን አስነስተው መፈክር ያስብሏቸዋል። ለአንተ የመከርኩትን ለሷ ለመምከር አፌ አልደፈረም፤ አንሺ ለማለትም አልደፈረም። ጸጉሯን ሠራሁላት።

ነገ ሰኞ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ እኛንም እይልን።

ያለህበትን ቤት ሰላም ያድርግልህ፣ ጉልበትህን ያጽናው፣ በእግርህ ሄደህ በገዛ ደጃፍህ ለመግባት ያብቃህ።

ደጃፏን ያላስረከበችው ሚስትህ
እታለም